የእጅ ሽመና ሥራን ለእይታና ለሽያጭ ማድረስ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚጀምሩ

ሽሮ ሜዳ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ነጠላዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። አንደኛው ማጉ (በአግድም የሚገባው ክር) የእጅ ፈትል፣ ጥበቡም ክር በክር እየተለቀመ የገባ ነው። ሌላው ጥለቱ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ነው። ገዢው ልዩነቱን ካላወቀ በዋጋ ብቻ ይመርጣል፤ ሠሪውም ልዩነቱን በሜትር፣ በግራምና በሰዓት ማስረዳት ካቃተው የሳምንት ድካሙን በርካሽ ይሰጣል። ስለዚህ ከማናቸውም ዕቃ በፊት የሚገዛው ደብተር ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ገጹ ስቴፕለር የሚችል፣ መቶ ገጽ ያህል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ደብተር ይመለሳል።

መመሪያው የተዘጋጀው የግድግዳ ሸማ፣ ሻርፕ፣ የትራስ ልብስና የመሳሰለውን የራሳቸውን ንድፍ ይዘው ለሚሠሩ፣ ራሳቸው ለሚሸምኑ ወይም ከሸማኔ ጋር ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም አቃቂ ማዶ ያለ ሰው ከመሀል ከተማው የሚለይበትን ችግርና ዕድል እያሰብን ጽፈነዋል።

1. ቦታውን ማዘጋጀት

የዳርቻ ትልቁ ጥቅም ቦታ ነው። መሀል ከተማ በአንድ ክፍል ኪራይ የሚከፈለው፣ ዳርቻ ላይ ክፍል ከነበረንዳውና ከትንሽ ግቢው ጋር ሊያስገኝ ይችላል። ግን ሸማ ሦስት ጠላቶች አሉት፦ ርጥበት፣ አቧራና ፀሐይ።

የሸማኔ ጉድጓድ (ሸማኔው ተቀምጦ እግሩን የሚያስገባበት) ለመቆፈር ካሰቡ መጀመሪያ አፈሩን ይዩ። በአቃቂና በገላን አቅጣጫ ብዙው መሬት መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ይዞ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ ቦታ የተቆፈረ ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ውሃ ያቁራል፤ ድሩም (በርዝመት የሚወጠረው ክር) ከታች ርጥበት ይስባል። መፍትሔው ከመሬት በላይ የሚቆም የእንጨት የሽመና ዕቃ መጠቀም ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚሠሩም ያው አማራጫቸው ይኸው ነው። በእንጦጦ ግርጌና በሱሉልታ በኩል ከፍ ባለ ተዳፋት ላይ ከሆኑ ጉድጓድ ይቻላል፤ ነገር ግን የጣሪያው ውሃ ወደ ቤቱ ጀርባ እንዳይወርድ ቦይ ይቁረጡለት።

ያለቀ ሥራ የሚቀመጠው ከወለል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ በካርቶን ጥቅል ላይ ተጠቅልሎ፣ በታጠበ አቡጀዴ ተሸፍኖ ነው። ፌስታል ውስጥ አይታሸግ። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ሲፈራረቅ ፌስታሉ ውስጥ ላብ ያወጣና ጨርቁ ላይ የሻጋታ ነጠብጣብ ይጥላል። ያ ነጠብጣብ ከነጭ ጥጥ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲለቅ አላየንም።

2. ክር መምረጥ

የዛሬው የሸማ ልማድ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድር ሲወጠርና በየምቱ ሲፋተግ እኩል ጥንካሬ ይፈልጋል። ማግ ግን አይወጠርም፤ ስለዚህ ለስላሳና ወፍራም ቀጭን የሆነው የእጅ ፈትል እዚያ ውበቱን ያሳያል።

የእጅ ፈትል ሲገዙ ከአንድ ፈታይ ብቻ ለትልቅ ሥራ የሚበቃ አይገኝም። የአንዷ እጅ ከሌላዋ ይለያል። ልቃቂቱን በተራ እየጨረሱ ቢሸምኑ በጨርቁ ላይ ወፍራምና ቀጭን መደብ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀልና ብርሃን ከጎን ሲመታው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከሦስት ልቃቂት ሦስት ቀሰም (የማግ ማጠንጠኛ) ያዘጋጁና በየጥቂት ማጉ እያፈራረቁ ይወርውሩ። ልዩነቱ ጨርቁ ውስጥ ተበትኖ ሕይወት ይሆነዋል።

ለጥበብ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ክር ብዙ ጊዜ «ሐር» ይባላል፤ አብዛኛው ግን ሐር አይደለም። ለመለየት ትንሽ ቁራጭ ያቃጥሉ፦

- እንደ ወረቀት ከሸተተና ለስላሳ አመድ ከሆነ ጥጥ ወይም ሬዮን ነው።
- ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ካበጀ አክሬሊክ ወይም ፖሊስተር ነው።
- እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ እውነተኛ ሐር ወይም ሱፍ ነው።

ጥጥንና ሬዮንን እሳት አይለያቸውም። ክሩን አርጥበው ይጎትቱት። ሬዮን ሲረጥብ በጣም ይደክማል፣ ጥጥ ግን አይደክምም። ይህ ለምን ይጠቅማል? ሬዮን የገባበትን ጥበብ ገዢው በእጁ አሽቶ ካጠበው ጥለቱ ይላላል፤ ስለዚህ የአስተጣጠብ መመሪያው ላይ መጻፍ አለበት። «ሐር» ብሎ ሬዮን መሸጥ ግን ከአንድ አዋቂ ገዢ ጋር ሲጋጠሙ ስምን የሚያሳጣ ነገር ነው። በደብተሩ «የጥበብ ክር፣ ሬዮን» ብለው ይጻፉ፤ ለገዢውም እንደዚያው ይንገሩ።

3. ናሙና፦ ሥራው የሚጀመረው እዚህ ነው

ብዙ ጀማሪ ይህን ይዘላል፤ ከሚገጥመው ችግርም አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። የሽመና ዕቃው ላይ ድር በተወጠረ ቁጥር መጀመሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ለናሙና ይሸመናል። ከዚያ ውስጥ 20 በ20 የሚሆን ካሬ በክር ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ በብዕር አይሁን፣ ሲታጠብ ይጠፋል።

ሀ. ጨርቁን ከውጥረት አውርደው አንድ ሌሊት ያሳርፉት። ካሬውን ይለኩ። 20 የነበረው አሁን 19 ሊሆን ይችላል፤ ይህ ውጥረቱ ሲለቅ የሚመጣ ነው።

ለ. ለብ ባለ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ያጥቡት፣ ያለቅልቁት፣ ሳይጨምቁ በጥላ ያድርቁት፣ በካውያ ይተኩሱት። እንደገና ይለኩ። የእጅ ሸማ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ቢሰበሰብ የተለመደ ነው። ጠበቅ ያለ ምት ያለው ያነሰ፣ ልል የሆነው የበለጠ ይሰበሰባል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ስለማይሰበሰቡ ሁለቱንም ለየብቻ ይጻፉ።

ሐ. ቀለም ካለው፣ ርጥብ ነጭ ጨርቅ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው ጥበቡን አሥር ጊዜ ያሹት። ነጩ ከተነካ ቀለሙ ይለቃል። ከዚያ ነጭ የጥጥ ቁራጭ ናሙናው ላይ ሰፍተው አንድ ላይ ያጥቧቸው። ቀይና ጥቁር በብዛት የሚለቁ ናቸው። የለቀቀ ቀይ ነጩን ሸማ ሮዝ ካደረገው በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም፤ ስለዚህ ፈተናው ከትልቁ ሥራ በፊት ይሁን።

መ. የናሙናውን ግማሽ በካርቶን ሸፍነው ፀሐይ የሚያገባ መስኮት ላይ ለአራት ሳምንት ይለጥፉት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ላይ ትበረታለች። ካርቶኑ ሲነሣ መስመር ከታየ ያ ቀለም ለግድግዳ አይሆንም። እርድ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የሚያበራ ቢጫ ይሰጣል፣ በብርሃን ግን ቶሎ ይነጣል። ለግድግዳ ቢጫ የሽንኩርት ልጣጭ ይሻላል።

ሠ. የቀረውን ናሙና ደብተሩ ላይ ስቴፕል ያድርጉ። አጠገቡ፦ ቀን፣ የድር ክር ቁጥር (የክሩን ቅጥነት የሚያሳየው) እና ከየት እንደተገዛ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስንት ድር ስንት ማግ፣ ከመታጠብ በፊትና በኋላ ያለው ልክ፣ የቀለም ፈተናው ውጤት፣ የፈጀው ሰዓት። ይህ ገጽ በኋላ የዋጋ ሰነድም፣ የትዕዛዝ ውልም፣ የትርዒት ጽሑፍም ይሆናል።

ራሳቸው ለሚነክሩ። ለግማሽ ኪሎ ጥጥ ክር፦ መጀመሪያ ክሩን በ10 ግራም ሶዳ አሽ (የልብስ ማጠቢያ ሶዳ) እና በጥቂት ሳሙና ለሁለት ሰዓት ቀቅለው የጥጡን ሰምና እድፍ ያውጡ፤ ውሃው እንደ ሻይ ይቀላል። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ በቆላ ከተጻፈ አሠራር ጊዜውን ረዘም ያድርጉ። ቀጥሎ ታኒን (ክሩ ቀለም እንዲይዝ የሚረዳ ንጥረ ነገር) ባለው ቅጠል ወይም ቅርፊት ውሃ (ባሕር ዛፍ አንዱ ነው) አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉ። ከዚያ 75 ግራም አሉም (ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያስይዝ ጨው) በሙቅ ውሃ አሟሙተው፣ 10 ግራም ሶዳ አሽ በሌላ ዕቃ አሟሙተው ቀስ በቀስ ያቀላቅሉ። አረፋ ይገነፍላልና ባልዲው ጥልቅ ይሁን። ክሩ እዚያ ውስጥ አንድ ሌሊት ያድራል። ሲወጣ በቀላሉ ያለቅልቁትና ወደ ቀለሙ ያስገቡ፤ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ከሆነ በክሩ ክብደት ልክ ግማሽ ኪሎ። ድስቱ ኢናሜል ወይም አይዝጌ ብረት ይሁን፤ ዳግመኛ ምግብ አይሠራበትም።

ውሃው ራሱ ቀለም ይቀይራል። ከዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ወይም ብረት የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ቢጫውን ወደ አመድማ አረንጓዴ ይገፋዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ሁሉ ከአንድ ምንጭ አንድ ጊዜ በሮቶ ይሙሉ፤ ግማሹን ከቧንቧ ግማሹን ከቦቴ ቢያደርጉት ሁለት ዓይነት ቢጫ ያገኛሉ። የነከሩበትን ውሃ ወደ ወንዝ አይልቀቁ። ከጓሮ አትክልትና ከውሃ ጉድጓድ የራቀ፣ ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ቆፍረው ያስርጉት።

4. ድርና ማጉን ማስላት

ክር አንሶ ሥራ መሀል ላይ ሲቆም፣ ዳግመኛ የሚገዛው ክር ከሌላ ጥቅል ይመጣል፤ ነጩ እንኳ ከነጩ አይገጥምም። ስለዚህ አስቀድሞ ይሰላል። ያለቀ ልኩ 80 በ160 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግድግዳ ሸማ እንውሰድ። ናሙናው ከመቶ 8 እንደሚሰበሰብ አሳይቷል።

- ርዝመት፦ 160 ለ0.92 ሲካፈል 174 ይሆናል። ሲሸመን ድሩ እየተጣጠፈ ከመቶ 10 ያህል ስለሚያጥር 174 ለ0.9 ተካፍሎ 193። ለሁለቱ ጫፍ ዘርፍ 20፣ ለናሙና 30፣ በሽመና ዕቃው ላይ ታስሮ ለሚቀረው 57። ድምሩ 300 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 3 ሜትር።
- ስፋት፦ 80 ለ0.92 ሲካፈል 87 ሳንቲ ሜትር።
- የድር ብዛት፦ በሳንቲ ሜትር 16 ክር ከሆነ 87 ሲባዛ በ16፣ 1,392 ክር። በ3 ሜትር ሲባዛ 4,176 ሜትር።
- ክብደት፦ ባለ አንድ ክር ቁጥር 20 ጥጥ በኪሎ 33,800 ሜትር ያህል ይወጣዋል። ስለዚህ ድሩ 124 ግራም ገደማ ነው።
- ማግ፦ በሳንቲ ሜትር 14 ማግ ቢሆን 14 ሲባዛ በ174፣ 2,436 ውርወራ። እያንዳንዱ 95 ሳንቲ ሜትር ክር ይወስዳል፤ ድምሩ 2,314 ሜትር። የእጅ ፈትል ቁጥር ስለሌለው 10 ሜትር ለክተው በትንሽ የወርቅ ሚዛን ይመዝኑና ያባዙ።

በሁለቱም ላይ ከመቶ 15 ይጨምሩ። የተረፈ ክር ከነመለያው ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሥራው ለጥገና ሲመለስ የሚገጥመው ያ ብቻ ነው።

5. ከሸማኔ ጋር መሥራት

አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ሸማኔዎች ብዙዎቹ መሠረታቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። «ይህን ጥለት እንዲህ አድርጉልኝ» ከማለትዎ በፊት «ይህ ጥለት በእጅ ሲገባ የት ላይ ያስቸግራል?» ብለው ይጠይቁ። ወረቀት ላይ አምሮ የሚታይ ክብ፣ በሽመና ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ማዕዘን ነው፤ ያንን ከእርስዎ ቀድሞ የሚያውቀው ሸማኔው ነው። ንድፉን በካሬ ወረቀት ላይ ይሥሩ፦ አንድ ካሬ ስንት ድርና ስንት ማግ እንደሆነ ይስማሙ።

ልኩን በሜትር ይስማሙ። ክንድ የቆየ መለኪያ ነው፣ ግን የአንዱ ክንድ ከሌላው ይረዝማል። ለአምስት ተመሳሳይ ሥራ ሁለት ሸማኔ ቢያሠሩና በክንድ ቢነጋገሩ አምስቱን አንድ ግድግዳ ላይ መስቀል አይችሉም። ከናሙናው ጋር የፕላስቲክ ሜትርም አብሮ ይሰጥ።

ክሩን እርስዎ ከሰጡ መዝነው ይስጡ፤ ያለቀውን ጨርቅና የተረፈውን ክር አብረው መዝነው ይቀበሉ። ከመቶ 5 እስከ 8 ብክነት ጤናማ ነው። ሚዛኑ ሁለታችሁም ፊት ይቀመጥ፤ ኋላ ክርክር የሚነሣው ሚዛን ሳይኖር ነው።

ክፍያ፦ ናሙናም ሥራ ስለሆነ ይከፈልበታል። ለዋናው ሥራ ሲሶውን ድሩ ሲወጠር፣ ሲሶውን ግማሽ ላይ፣ የቀረውን ሲረከቡ ይክፈሉ። ሲረከቡ ጨርቁን ወደ መስኮት ዘርግተው በጋራ ይዩት፦ የተዘለለ ማግ፣ የተበጠሰ ድር፣ ገባ ወጣ ያለ ዳር። የተበጠሰ ድር ጨርቁ ከመታጠቡ በፊት በመርፌ ሊጠገን ይችላል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ክሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። የሸማኔው ስም ሥራው ላይ እንዲጻፍ ፈቃዱን ይጠይቁ። ከፈቀደ ከእርስዎ ስም እኩል ባለ ፊደል ይጻፍ።

የጊዜ ነገር። ለጋሞ ሰው መስቀል ወደ አገር ቤት የሚገባበት ታላቁ በዓል ነው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ብዙ የሽመና ዕቃ ቆሞ ይሰነብታል። ለመስከረም መጨረሻ የሚደርስ ትዕዛዝ የተቀበለ ሰው ይህን ሳያስብ ቀርቶ ነው የሚዋሸው። ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው እስከ ነሐሴ አጋማሽ ከዕቃው መውረድ አለበት፤ ክረምት ላይ ጨርቅ ለመድረቅ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃልና። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ስለሆነ ከኅዳር ጀምሮ ሸማኔው ሁሉ በልብስ ትዕዛዝ ይያዛል፤ የግድግዳ ሥራ በዚያን ጊዜ ወረፋ አያገኝም፣ ዋጋውም ይወደዳል። ለትልልቅ የጥበብ ሥራ ምቹው ወቅት ዐቢይ ጾም ነው፤ ሠርግ የለም፣ የልብስ ትዕዛዝ ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይም አለች።

6. ማጠናቀቅና መስቀያ

ዘርፉን ይቋጩ፣ ያጥቡ፣ በጀርባው በኩል ይተኩሱ። የግድግዳ ሥራ በምስማር ጫፍና ጫፉ ከተሰቀለ መሀሉ ይረግባል፣ ምስማሩም ክሩን ይቀደዋል። ክብደቱ በሙሉ ስፋቱ ላይ መከፋፈል አለበት፦

- ከታጠበ አቡጀዴ 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ፤ ርዝመቱ ከሥራው ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር ይነስ። ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ተሰብስቦ ሥራውን ይሸበሽበዋል።
- ወደ ቱቦ ሰፍተው ከሥራው ጀርባ፣ ከላይኛው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው በእጅ ይስፉት። የቱቦው የጀርባ ክፍል ትንሽ ላላ ብሎ ይቅር፤ አለዚያ የጣውላው ውፍረት ከፊት በኩል እንደ ጉብታ ይታያል።
- 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰና ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን ጣውላ ያስገቡ። ጥሬ እንጨት አሲድና ሙጫ እየለቀቀ ጥጡን ቢጫ ያደርጋል።
- ለብሎኬት ግድግዳ በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስቶ ፊሸርና ብሎን። ለጭቃ ግድግዳ ብሎኑ ከማገሩ እንጨት ላይ ይረፍ፤ ጭቃው ብቻውን አይዝም።

የሥራው መሀል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲውል ለቆመ ሰው ዓይን ይመቻል።

7. ዋጋ ማውጣት

ከታች ያሉት ብሮች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት የገቡ ናቸው፤ በራስዎ ደብተር ባለው ይተኩዋቸው። ለዚያው 80 በ160 ሥራ፦

ክር 450፤ የጥበብ ክርና ቀለም 250፤ ሸማኔ 3 ቀን በ900፣ 2,700፤ የራስዎ ሰዓት 9 በ120፣ 1,080፤ አቡጀዴ፣ ጣውላ፣ መለያና ማሸጊያ 320። ድምር 4,800።

የወሩ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ስልክና ትራንስፖርት 9,600 ቢሆንና በወር 8 ሥራ ቢያወጡ በእያንዳንዱ 1,200 ይጨመራል፤ 6,000። ለሚበላሽ ሥራ መጠባበቂያ 500፤ 6,500። ትርፍ ከመቶ 20፣ 1,300። መነሻ ዋጋው 7,800 ነው።

አሁን የሚሳሳቱበት ቦታ ይመጣል። ጋለሪው ወይም ሱቁ ከሽያጩ ከመቶ 40 ይወስዳል እንበል። ብዙው ሰው 7,800 ላይ 40 በመቶ ጨምሮ 10,920 ይላል። ጋለሪው ከ10,920 ላይ 40 በመቶውን ሲያነሣ ግን የሚደርስዎ 6,552 ነው፤ ትርፉ ከሞላ ጎደል አለቀ። ትክክለኛው ማካፈል ነው፦ 7,800 ለ0.6፣ 13,000። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገቡ 15 በመቶው በዚህ ላይ ይደመርና 14,950 ይሆናል።

ቤትዎ መጥቶ የሚገዛውም 13,000 ይክፈል። «ከሠሪው ቤት ይረክሳል» የሚል ወሬ ከወጣ ጋለሪው ሥራዎን ያወርዳል፤ እውነትም አለው። ደግሞም የቤት ሽያጭ ነጻ አይደለም። ቡናው፣ ጽዳቱ፣ የሚውለው ቀን የእርስዎ ነው።

«ቀንሱልኝ» ማለት የገበያ ባህላችን ነው፤ መቆጣት አያስፈልግም። ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ አነስ ያለ ሥራ ያቅርቡ፦ ከዚያው ድር የወጣ 30 በ40 ሥራ፣ ወይም የትራስ ልብስ። ከአንድ ድር ላይ ትልቅና ትንሽ ሥራ ማውጣት በዕቃው ላይ ታስሮ የሚባክነውንም ክር ያሳንሳል።

8. ፎቶ

በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት። ቀጥተኛ ፀሐይ የነጭ ሸማን ሽመና ያጠፋዋል፤ ወረቀት ይመስላል። ሰማያዊ በር ወይም ቀይ ሸክላ አጠገብ አያንሱ፣ ነጩ ያንን ቀለም ይጠጣል። ለአንድ ሥራ አምስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው ከፊት፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ መጠኑ እንዲታይ፣ ጥበቡ ከቅርብ ብርሃን ከጎን እየመታው፣ ጀርባው፣ ዳሩና ዘርፉ። የጀርባው ፎቶ ዋናው ነው። የታተመ ጥለት ከጀርባ ይደበዝዛል፤ ተሸምኖ የገባ ግን ክሩ ሲመላለስ ይታያል። ብዙ ቃል ሳያወጡ ልዩነቱን ያስረዳልዎታል።

9. ሥራውን ማሳየት

የቤት ትርዒት ለዳርቻ ሰው የተሻለው መጀመሪያ ነው። ከ12 እስከ 15 ሥራ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሰቀሉ ክፍሉ ሱቅ ይመስላል። በሥራና በሥራ መካከል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ጎብኚ ሸማ ካልዳሰሰ አይረካም፣ ነጭ ሥራ ደግሞ በብዙ እጅ ያድፋል። ስለዚህ በየሥራው አጠገብ የዚያው ድር ናሙና በክር ያንጠልጥሉ፦ «ይህንን ይዳስሱ»። ደብተሩንም ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርገው ይተዉ። ሰው ናሙናውን፣ የማጉን ብዛት፣ የፈጀውን ሰዓት ሲያነብ ስለ ዋጋ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

ስልክ ላይ ያለ የካርታ ምልክት ብቻ አይበቃም። የዳርቻ መንገድ ስም የለውም፤ ካርታውም አንዳንዴ በሌላ ማሳ በኩል ይወስዳል። ከዋናው አስፋልት መታጠፊያ ጀምሮ በሦስት ፎቶ መንገዱን ያሳዩ፣ የታክሲው መውረጃ የሚጠራበትን ስም ይጻፉ። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አይሞከር፤ ጭቃው መኪና ይይዛል።

ባዛር ሲገቡ የራስዎን ብርሃን፣ 10 ሜትር ማራዘሚያ ገመድና ነጭ አቡጀዴ ለጀርባ ግድግዳ ይዘው ይሂዱ። የአዳራሽ መብራት ብዙ ጊዜ ከላይ ብቻ ስለሚመጣ ሽመናው ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ከጎን የሚመታ አንድ አምፖል ይለውጠዋል። ዋጋ በእያንዳንዱ ላይ ተጽፎ ይንጠልጠል። የባዛር ኪራይ ለመክፈል ስንት ሥራ መሸጥ እንዳለብዎ አስቀድመው ያስሉ፤ ካለዎት ሥራ ከሦስት አንዱን የሚበላ ከሆነ ይለፉት።

ለጋለሪ ወይም ለካፌ በአደራ ሲሰጡ ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አስፈርሙ፦ የሥራው ስም፣ ልክ፣ ዋጋ፣ የድርሻ መቶኛ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል። ካፌ ከሆነ ከማብሰያ ቤትና ከሲጋራ የራቀ ግድግዳ ይምረጡ። ጥጥ የዘይት እንፋሎት ይጠጣል።

10. ወረቀቱና ትዕዛዙ

ለቲን ቁጥር፣ ለንግድ ምዝገባና ለፈቃድ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ በየትኛው አስተዳደር እንደሚገኝ ያረጋግጡ። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ አዲስ አበባ ወረዳ ሄደው ቢሰለፉ ይመልሱዎታል። ድርጅቶችና ሆቴሎች ያለ ደረሰኝ ስለማይገዙ ፈቃዱ ሳይኖር ትልቅ ትዕዛዝ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ትዕዛዝ ሲቀበሉ ግማሹ በቅድሚያ በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ። ናሙናውን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ለደንበኛው ይስጡ፣ ግማሹን ደብተሩ ላይ ያስቀሩ፤ «ቀለሙ ይህ አልነበረም» የሚለው ሙግት ሁለቱን ቁራጭ ገጣጥሞ ያልቃል። የልክ ልዩነት ከመቶ 3 ሊኖር እንደሚችል በጽሑፍ ይስማሙ። ከሸማኔው የተነገረዎትን ቀን ለደንበኛው እንዳለ አይንገሩ፤ ለማጠብ፣ ለማድረቅና ለመስፋት አሥር ቀን ይጨምሩበት።

ሥራው ሲወጣ ተጣጥፎ አይሂድ፣ የታጠፈበት መስመር ግድግዳ ላይ ይታያል። ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው በቱቦ ላይ ይጠቅልሉት፣ አቡጀዴ ያልብሱት፣ ፌስታሉን ለመንገድ ብቻ ከላይ ያድርጉ፤ ገዢውም እንደደረሰው እንዲያወልቀው ይንገሩት። ከውስጥ የአስተጣጠብ ወረቀትና ከዚያው ድርና ማግ የተቆረጠ ሁለት ሁለት ሜትር ክር ያስገቡ። ደብተሩ ላይ የመጨረሻው ዓምድ የገዢው ስም፣ የተሸጠበት ቀንና የተረፈው ክር ያለበት ካርቶን ቁጥር ነው።